አናቱ ሳይደርሱ መመለስ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ተራራ ለሚወጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ተራራ መውጣት እየተለመደ መጥቷል። እንጦጦ አለ፣ ወጨጫ አለ፣ ፉሪ አለ፣ የረር አለ። ራቅ ማለት ለፈለገ ደግሞ ዝቋላ። ስለ ጫማው፣ ስለ ስንቁና ስለ ፎቶው ሁሉም ያወራል። አናቱ ሳይደረስ ስለ መመለስ ግን ብዙ አይወራም። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ መወራት ያለበት እሱ ይመስለኛል። መልሶቹ በተለይ የእግር መንገዱ አልቆ፣ በእጅም በእግርም ቋጥኝ እየቧጠጡ ለሚወጣበት ቦታ የታሰቡ ናቸው።

እነዚህ ተራሮች ያን ያህል ያሰጋሉ እንዴ? ከከተማው አጠገብ አይደሉም?

የሚያታልለው ቅርበታቸው ነው። አዲስ አበባ ራሷ በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እንጦጦ 3,200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የረር 3,100 ገደማ ነው። ወጨጫ ከ3,300 ያልፋል። ወጨጫም የረርም የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ወደ አናታቸው ስትጠጉ ሣርና ቁጥቋጦ የሸፈነው ልቅ ድንጋይ አለ፤ ቀጥ ያለ ቋጥኝም አለ።

አየሩ 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ሰፈር ውስጥ በቲሸርት የሚያስኬድ ቀን፣ ላይ ነፋስ ሲጨመርበት ጥርስ ያንገጫግጫል። ከአናቱ ሆናችሁ ከተማውን ቁልጭ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ። ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ሰው ግን መኪና ወዳለበት የሚደርሰው በጓደኞቹ ትከሻ ነው። ያ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል።

መመለስ እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?

ብዙ ሰው ራሱን የሚጠይቀው «መውጣት እችላለሁ ወይ?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ስለ መውረዱ ነው። አሁን ካለሁበት ቦታ፣ በቀረኝ ጉልበት፣ በዚህ ሰዓትና በዚህ አየር በሰላም መውረድ እችላለሁ? መልሱ ከ«አዎ» ወደ «እንጃ» ማዘንበል ሲጀምር ተመለሱ። «አልችልም» እስኪሆን ከጠበቃችሁ መመለስ የሚባለው ነገር ከእጃችሁ ወጥቷል።

ምልክቶቹ ትንንሽ ናቸው። ሲቀልድ የነበረው ልጅ ዝም ይላል። አንዱ በየደቂቃው ይደናቀፋል። አናቱ ገና ሆኖ ውሃው ከግማሽ በታች ወርዷል። ከበስተጀርባ ደመናው ጠቁሯል። «ትንሽ ነው የቀረው» የሚለው ቃል በየአምስት ደቂቃው ይደጋገማል። አንዱ ምልክት ብቻውን ላያስፈራ ይችላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን እኔ አልከራከርም፣ ወደ ታች እዞራለሁ።

ስንት ሰዓት ላይ ነው መመለስ ያለብን?

ይህን የምትወስኑት ተራራው ላይ ሆናችሁ ሳይሆን ጠዋት፣ ገና ከመኪና ሳትወርዱ ነው። ላይ ስትደርሱ ድካምም ጉጉትም ስላለ አእምሮ ለራሱ ያደላል። ጠዋት ግን ሁሉም ልብ ይላል። ሰዓቱን ለሁሉም ንገሩ፣ ሁሉም ይስማማበት፣ ከዚያ አትንኩት።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስቀመጠው ቀላል ስሌት ዛሬም ይሠራል። ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ነው። እንበልና እስከ አናቱ 6 ኪሎ ሜትር አለ፣ ዳገቱ ደግሞ 800 ሜትር ነው። ለርቀቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ለዳገቱ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። በድምሩ ሁለት ሰዓት ተኩል። ይህ ግን የጠነከረ፣ የማይቆም ሰው ሂሳብ ነው። የእኛ ቡድን ፎቶ ያነሳል፣ ይበላል፣ ቋጥኙ ጋ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ እኔ ግማሹን እጨምርበታለሁ፤ አራት ሰዓት ገደማ ይመጣል።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ 6 ሰዓት ላይ አናቱ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ዕረፍት፣ ሦስት ሰዓት ቁልቁለት፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ታች። በበጋ ይህ ይበቃል። ፀሐይ እንደ ወሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 12፡50 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ አገራችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ቶሎ ነው የሚወድቀው። እኔ በበጋ 7 ሰዓት ላይ የትም ልሁን የት እመለሳለሁ። በክረምት ደግሞ 5 ሰዓት ላይ። ለምን እንደሆነ ስለ ዝናቡ በሚያወራው መልስ ላይ ታገኙታላችሁ።

ቋጥኙን ከወጣሁት መውረድ ለምን ይከብደኛል?

ስትወጡ ዓይናችሁ ከእጃችሁ ጋር ነው። የምትይዙት ድንጋይ ፊታችሁ ላይ ነው፣ እግራችሁ የሚረግጠውም ቅድም እጃችሁ የያዘውን ነው። ስትወርዱ ሁሉም ይገለበጣል። እግር የሚፈልገው ቦታ ከሆዳችሁ በታች ተደብቋል። ከኋላችሁ ክፍት አየር አለ። ጭን ደክሟል፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትታል። ወደ ላይ አሥር ደቂቃ የወሰደ ቋጥኝ ወደ ታች ግማሽ ሰዓት ቢወስድ አይግረማችሁ።

ለዚህ አንድ ጥሩ ልማድ አለ። የምታጠራጥር ቋጥኝ ስትገጥማችሁ ሁለት እርምጃ ውጡና ተመልሳችሁ ውረዱት። መውረዱ ካስቸገራችሁ፣ የዕለቱ አናታችሁ እዚያ ጋ ነው። ከዚያ በላይ አትሂዱ። መንገዱ እላይ ይሻል ይሆናል ብላችሁ አትገምቱ፤ ቢሻልም ወደዚችው ቋጥኝ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ።

ስትወርዱ ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ፊታችሁን ወደ ድንጋዩ አዙሩ። ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ምንጊዜም ድንጋዩን ይያዙ፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ። የምትይዙትን ድንጋይ ክብደት ከመጣላችሁ በፊት ነቅነቅ አድርጋችሁ ፈትኑት፤ የእኛ ተራሮች ድንጋይ ብዙ ቦታ የተሰነጣጠቀና የላላ ነው። አንድ ሰው እየወረደ ሌላው ከሥሩ አይቁም። ድንጋይ ከተፈነቀለ «ድንጋይ!» ብላችሁ ጩኹ። ማፈር የለም።

ሌላው ውሃ ነው። ድንጋዩ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጠዋት ደርቆ የወጣችሁበት ቋጥኝ ካፊያ ካገኘው ሌላ ቋጥኝ ሆኗል።

ዝናብ መጣ። ትንሽ እንጠብቅ ወይስ እንመለስ?

ካፊያ ብቻ ከሆነና ገና ከቋጥኙ በታች ከሆናችሁ መጠበቅ ይቻላል። ነጎድጓድ ካለበት ግን መጠበቅ የለም።

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ብዙ ቀን ጠዋቱ ብራ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ብራው ጠዋት ሰውን ይሸነግላል። የበልግ ዝናብ በሚጥልባቸው ወራትም ድንገት ሰማዩ ሲገለበጥ ይታያል። መብረቅ ሲበርቅ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከ30 በታች ቆጥራችሁ ከሰማችሁት መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ቀጣዩ እናንተ ያላችሁበት ሊሆን ይችላል። ከሸንተረሩ ወዲያው ውረዱ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። አንድ ላይ አትከማቹ፤ ተራራቁ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሸንተረሩ አትመለሱ። በዚያ ሰዓት ደግሞ መመለሻ ሰዓታችሁ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል ነገሩ በራሱ ያለቀ ነው።

ዝናቡ ልብሳችሁን ካራሰ ነፋሱ ቀሪውን ይሠራል። መንቀጥቀጥ፣ ምላስ መተሳሰር፣ መደናቀፍ ብርዱ ወደ ውስጥ የመግባቱ ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ የታየበትን ሰው እርጥቡን ልብስ አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ የሚበላ ስጡትና ይዛችሁት ውረዱ። ቦርሳ ውስጥ አንድ ደረቅ ሹራብ በፌስታል ጠቅልላችሁ መያዝ ከሁሉም የሚረክስ ጥንቃቄ ነው።

ጉም ሸፈነን።

ቁሙ። የመጣችሁበት መንገድ የሚታይ ከሆነ በእሱ ተመለሱ። ካልታየ እስኪገለጥ ጠብቁ። ጉም ውስጥ ገደል ጫፍ ላይ እስክትደርሱ አይታይም።

አንድ ሰው ብቻ ደከመው። እዚሁ ይረፍ፣ እኛ ደርሰን ስንመለስ እንወስደዋለን?

አይሆንም። በዚህ ላይ ምንም ድርድር የለኝም። የደከመ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ ይቀዘቅዛል፣ ይሰለቸዋል፣ ከዚያ ተነስቶ «ቀስ እያልኩ ልውረድ» ይላል። መንገዱን የሚስተው ያኔ ነው። እናንተ ደግሞ በሌላ በኩል ልትወርዱ ትችላላችሁ።

ቡድኑ ትልቅ ከሆነና መንገዱን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ካሉ፣ አንዱ ከደከመው ጋር ወደ ታች ይመለስ፣ ሌላው የቀረውን ይምራ። ለሁለት የሚከፈለው ግን ሁሉም ተስማምቶ ሲሆን ነው። ስልክ የሚሠራበት ቦታም ይኑር። አራት ሰው ብቻ ከሆናችሁ አትከፋፈሉ። ቢያንስ አራት ሆኖ መውጣት የሚመከረውም አንዱ ቢጎዳ፣ አንዱ አብሮት እንዲቆይና ሁለቱ እርዳታ ፍለጋ እንዲወርዱ ነው።

የደከመውን ሰው «በአንተ ምክንያት» አትበሉት። ያንን የሰማ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲያመው አይናገርም።

ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ። ከፍታው ነው?

ሊሆን ይችላል። የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ሰውነቱ ስለለመደ እነዚህ ተራሮች ላይ ብዙም አያስቸግረውም። ትናንት ከድሬዳዋ የመጣ ዘመድ ወይም ከውጭ አገር የገባች እህት ግን ሌላ ነገር ናቸው። እነሱን በደረሱ ማግስት ወጨጫ ይዞ መውጣት ጥሩ ግብዣ አይደለም። ጥቂት ቀን ይረፉ።

ራስ ምታቱ የውሃ እጥረት ወይም የረሃብም ሊሆን ይችላል። ጠጡ፣ ብሉ፣ እረፉ። ካልተሻለ ውረዱ። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ተቀምጦ ሳለ የሚያለከልክ፣ የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የተምታታበት ሰው ካለ ደግሞ ዕረፍትም አትሞክሩ፣ ወዲያው ይዛችሁት ውረዱ።

ጾም ላይ ነኝ። መውጣት እችላለሁ?

ይቻላል፣ ግን ዕቅዱ ይቀየር። በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት በኋላ ሳይበሉ የሚቆዩ አሉ፤ በረመዳን ደግሞ ውሃም የለም። የውሃው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። ባዶ ሆድ መጀመሪያ የሚያደክመው እግርን ሳይሆን ጥንቃቄን ነው፤ ቋጥኝ ላይ ደግሞ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው። በእነዚህ ቀናት ቋጥኝ የሌለበትን መንገድ ምረጡ፣ ለምሳሌ የእንጦጦን ጫካ። መመለሻ ሰዓቱንም ቢያንስ በአንድ ሰዓት ቀድሙት። የሚበላ ስንቅ፣ በሶም ይሁን ቆሎ፣ አብራችሁ ያዙ። ሰው ሲታመም ጾም መፍታት እንደሚፈቀድ ሁለቱም ሃይማኖቶች ያስተምራሉ።

ስለት አለብኝ፣ ዝቋላ ሳልደርስ ብመለስ?

የስለቱን ነገር የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ እኔ የምመልሰው አይደለም። ስለ መንገዱ ግን ልንገራችሁ። የአቦ ዓመታዊ በዓል በሚከበርባቸው ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። አቅም ያነሳቸው እናቶችና አባቶች በእግር ዳገቱ ላይ እንዳይቀሩ፣ መኪና በሚወጣበት መንገድ መድረስ ይችላሉ።

ብር ከፍለናል፣ ሚኒባስ ተኮናትረናል። ሳንደርስ ብንመለስ አይቆጭም?

ይቆጫል። ብሩ ግን ጠዋት ወጥቷል። ብትቀጥሉም ብትመለሱም ያው ነው። ይልቅ ከሾፌሩ ጋር ስትስማሙ ቀድማችሁ ልትመለሱ እንደምትችሉ ንገሩት። «11 ሰዓት ላይ ና» ተብሎ የተላከ ሚኒባስ፣ 8 ሰዓት ላይ ታች የደረሰ ቡድንን ዝናብ ላይ ያስቆማል። ይህን የፈራ አስተባባሪ ደግሞ ሳያስበው ሰዉን ወደ ላይ ይገፋል።

የአካባቢው ሰው «ተመለሱ» ቢለን?

ተመለሱ። ምክንያቱን ባይነግሯችሁም ተመለሱ። የሚያውቁት ነገር አለ። የሞላ ወንዝ፣ የተናደ መንገድ፣ የሰላም ችግር ሊሆን ይችላል። አመስግናችሁ ዙሩ። ጠዋትም ከመውጣታችሁ በፊት እዚያ የሚኖር ሰው ስለ አካባቢው ሁኔታ መጠየቅ ልማዳችሁ ይሁን።

ጋይዱ «እንመለስ» ካለም እንደዚያው ነው። ጋይዱ «እንቀጥል» ብሎ የእናንተ ሰውነት እምቢ ካለ ግን የሚሰማው የእናንተ እምቢታ ነው። ብቻችሁን አትውረዱ እንጂ የሚሸኛችሁ ሰው መጠየቅ መብታችሁ ነው።

50 ሜትር ብቻ ቀርቶኝ ብመለስ ፈሪ አይሉኝም?

አንዳንዱ ይላል። ጎራን ክሮፕ የሚባል ስዊድናዊ ከአገሩ እስከ ኔፓል በብስክሌት ሄዶ ነበር። ዕቃውን ራሱ ተሸክሞ፣ ያለ ኦክስጅን ሲሊንደር ኤቨረስትን ሊወጣ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 1996 አናቱ ሊደርስ 100 ሜትር ገደማ ሲቀረው ሰዓቱ መሸብኝ ብሎ ተመለሰ። ያንን ሁሉ አገር ፔዳል መትቶ መጥቶ! ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 10 እና 11፣ በዚያው ተራራ ማዕበል ስምንት ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ መካከል የመመለሻ ሰዓት አልፎም ወደ ላይ የቀጠሉ ነበሩ። ክሮፕ ግንቦት 23 ቀን እንደገና ወጥቶ አናቱ ላይ ደረሰ።

የእኛ ተራራ ኤቨረስት አይደለም። የመጨረሻዋ 50 ሜትር ግን ብዙ ጊዜ ቋጥኙ ያለባት፣ ነፋሱ የሚበረታባትና ጉልበቱ ያለቀባት እሷ ናት። «ትንሽ ቀረ» የሚባለው ርቀቱ እንጂ ድካሙ አይደለም።

ቡድን የምትመሩ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «እንመለስ» ለማለት የመጀመሪያ መሆን የሚያፍር ሰው ሁሌም አለ። አዲስ የመጣችው ልጅ ወይም ታናሹ እንዲናገሩ አትጠብቁ። ራሳችሁ ቅደሙና በሉት።

ስንመለስ በአቋራጭ ብንወርድስ? እረኞቹ እኮ በዚያ ነው የሚሮጡት።

እረኛው ልጅ በኮንጎ ጫማ የሚሮጥበትን ቁልቁለት ከተወለደ ጀምሮ ያውቀዋል። እናንተ አታውቁትም። ከላይ ሲታይ ለስላሳ ሣር የሚመስለው ቦታ ጫፉ ላይ ገደል ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ገደል አይታይም። ጅረት ተከትሎ መውረድም ፏፏቴ ላይ ያደርሳል። በመጣችሁበት ውረዱ። ስትወጡ በየመታጠፊያው ወደ ኋላ ዞር እያላችሁ እዩ፤ መንገዱ ከላይ ሲታይ ሌላ ነው የሚመስለው።

መሸብንስ?

አንድ ላይ ሁኑ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያለው ከፊትና ከኋላ ይሁን። የስልክ መብራት እጅ ይይዛል፣ ቻርጁንም ይጨርሳል፤ ስልኩ ደግሞ ለመደወል ያስፈልጋችኋል። ቋጥኝ ከፊታችሁ ካለና መውረጃው ካልታየ በጨለማ አትሞክሩት። ነፋስ የማያገኘው ቦታ ፈልጋችሁ ተጠጋግታችሁ ቆዩ። ጅብ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ስብስብ ይሸሻል። ይበልጥ የሚያስቸግሩት የመንደር ውሾች ናቸው፤ ሩጫ አትጀምሩ፣ ቤቱን ጠርታችሁ ባለቤቱ እስኪወጣ ቁሙ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። ያላችሁበትን ተራራ፣ የወጣችሁበትን ቀበሌ ወይም ቤተ ክርስቲያን ስም ቀድማችሁ እወቁ፤ «ወጨጫ ላይ ነን» ብቻ ማንንም አያደርስም።

ከተመለስን ቀኑ ባክኖ ቀረ ማለት ነው?

በወጨጫ ምዕራባዊ በኩል የመናገሻ ሱባ ጫካ አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን መጠበቅ እንደጀመረ ይነገርለታል። ያረጁ ጽዶች አሉ፣ ኮሶ አለ፣ ጉሬዛና ድኩላ ይታያሉ። ከቋጥኙ ቀድሞ የተመለሰ ቡድን እዚያ ምሳውን በልቶ፣ ቀስ ብሎ ተመላልሶ መግባት ይችላል። አናቱ ላይ ለአሥር ደቂቃ ፎቶ ከመነሳት ይልቅ ይሄን የምመርጥባቸው ቀናት አሉ።

መቼ እንደገና እንሞክር?

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ዝናቡ አልፏል፣ ድንጋዩ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል። ጠዋት ውርጭ ስላለ ጓንት አይረሳ። የተመለሳችሁበትን ቦታና ሰዓት ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ቋጥኙንም ከታች ፎቶ አንሱት። ምክንያቱንም ጻፉ። ሰዓት ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከከተማ ውጡ። ቋጥኙ ከሆነ ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።